የሰንበሌጥ ተወካይ ዝምታ

ሰንበሌጥ ከተማ የሆነችው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። እኛ የሰማነው ሐሙስ ነው፤ ረቡዕ ገበያ ስለነበር ቤት አልነበርንም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አራት፣ ወሩ የካቲት። ከወይናምባ ማዘጋጃ ቤት የመጡ ሠራተኞች በየበሩ እየዞሩ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ሁሉ ግራ እጁን ይዘው አምባር አጠለቁለት። አምባሩ ቀላል ነው፤ አይጎረብጥም። አይወልቅምም። ባትሪው ሠላሳ ዓመት እንደሚሠራ ነገሩን። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ካጠለቀ በኋላ አምባሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ «እንኳን ወደ ቤትዎ በደህና መጡ» አሉ። ማናችንም የትም አልሄድንም ነበር።

እኔ ቢያድግልኝ እባላለሁ፤ የሰንበሌጥ እድር ጥሩምባ ነፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ ጥሩምባ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስም እጠራለሁ፣ የቀብሩን ሰዓት እናገራለሁ። ሥራውን ከአባቴ ነው የወረስኩት። ይህን የምናገረው ልታይ ብዬ አይደለም፤ ኋላ ለሆነው ነገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከወዲሁ እንዲታወቅ ነው።

ከተማ መሆን መጀመሪያ ላይ ብዙም አልከበደንም። ሰንበሌጥ «ቀጠና 41» ተባለች። የእድሩ ሊቀመንበር የጋሽ አንዳርጌ የሽንብራ ማሳ «ጎዳና 7» ተባለ፤ የጎዳናው ምሰሶ የተተከለው ማሳው መካከል ስለሆነ ጋሽ አንዳርጌ ሲያርስ በሬዎቹን በዙሪያው ያዞራቸዋል። በሬዎቹም ታርጋ ወጣላቸው። ከብት ወደ ጨፌው በሚሻገርበት መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት ቆመ፤ ከኛ ይልቅ ላሞቹ ቀድመው ለመዱት፤ ቀይ ሲበራ ቆመው ያመሰኳሉ። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እንዳይጮህ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በዶሮው ስም ነው። ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ኩበት ደግሞ «የሕንፃ ገጽታ ጌጥ» ተብሎ ተመዘገበና እንዳናነሳው ታዘዝን፤ ማገዶ አጥተን ከረምን።

ነገር የመጣው በውክልናው ነው።

በወይናምባ ምርጫ የሚባል ነገር ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሰው ኮሮጆ ውስጥ በሚከተው ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፣ እግሩ ግን አይዋሽም ተብሎ ተደነገገ፤ «እግር አይዋሽም» የሚለው ቃል በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሰኔ ስድስት እስከ ጳጉሜ አምስት ባለው ዘጠና ቀን ውስጥ አምባሮቹ ማን ወደ ማን እንደሚሄድ ይቆጥራሉ። ቀድሞ ቦታው ላይ ያለው ባለቤት፣ ኋላ የመጣው እንግዳ ይባላል። አንድ ሰው ዘንድ በድምሩ አሥር ሰዓት የቆየ እንግዳ ለዚያ ሰው አንድ ድምፅ ይሆንለታል። ባልና ሚስት በራሳቸው ግቢ ውስጥ አብረው ቢውሉ አይቆጠርም። ብዙ እንግዳ ያለው ለሦስት ዓመት ተወካይ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ሕጉ በደንብ ሠርቷል፤ ተወካዮቹ ፀጉር አስተካካዮች፣ የሽሮ ቤት ባለቤቶችና አንዲት የጥርስ ሐኪም ናቸው።

ሰንበሌጥ ግን በወንፈል የምትኖር አገር ናት። ሰኞ ለኔ ታርሳለህ፣ ማክሰኞ ላንተ አርሳለሁ፣ ረቡዕ የሁለታችንም ጎረቤት ዘንድ ነን። ሁሉም ወደ ሁሉም እኩል ይሄዳል። በመጋቢት ለሙከራ ሲቆጥሩን ሁላችንም እኩል ወጣን። አምባሩ «ጎልቶ የታየ ነዋሪ አልተገኘም» አለና ከቀጠና 40 ጋር ደረበን።

ቀጠና 40 አንድ ሕንፃ ነው፤ አርባ ሁለት ፎቅ አለው፤ ከጨፌያችን ማዶ ነው የቆመው። ተወካዩ ኪሩቤል የሚባል፣ ከሕንፃው ሥር የስፖርት ቤት ያለው ጎረምሳ ነበር። ሕዝቡ በየቀኑ ብረት ሊያነሳ ወደሱ ይሄዳል። ክፋት የለበትም። ሰንበሌጥ የምትባል ቦታ መኖሯን የሚያውቅም አይመስለኝም። በሚያዝያ ማዘጋጃ ቤቱ ጨፌያችንን፣ በበጋ እንኳ ምንጩ የማይነጥፈውን፣ የሁላችን ከብት የሚውልበትን ጨፌ፣ ሰው ሠራሽ የባሕር ዳርቻ ላድርገው ብሎ ሲጠይቀው ኪሩቤል በአራት ሴኮንድ ተስማማ። አራት ሴኮንድ መሆኑ በይፋ ተገልጿል። አሸዋው በመኪና ይመጣል፣ ማዕበሉ በሞተር ይነሳል ተባለ።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለች እትዬ የውብዳር።

እትዬ የውብዳር ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ጨፌው አፋፍ ላይ ነው። ሕግ ማንበብ የምትችል ብቻ ሳትሆን የምትወድ ሴት ናት። የመተዳደሪያውን ደንብ በሦስት ቀን ጨረሰችና ቀዳዳውን አገኘችው። የጋራ መሬት የሚነካ ነገር ሁለት ጊዜ ስምምነት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚጠየቀው ከቆጠራው በኋላ፣ በጥቅምት ነው። እስከዚያ የራሳችን ተወካይ ካለን ጨፌው ይተርፋል። ከሌለን ከብቱን ሸጦ ፎጣ መግዛትና አሸዋው ላይ መተኛት ነው።

ስብሰባውን የያዝነው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በድስቱና በአግዳሚው መካከል ነበር። እትዬ የውብዳር ነገሩን አስረዳችን። ሁላችንም ወደ አንድ ሰው መሄድ አለብን። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ወደሌላ አለመሄዱ ነው፤ ወንፈሉ እስከ መስከረም መቆም አለበት፣ ማንም ማንም ዘንድ አሥር ሰዓት መሙላት የለበትም። ያ አንድ ሰው ማን ይሁን በሚለው ላይ ሁለት ስብሰባ በዝምታ አለፈ። ሰንበሌጥ ውስጥ «እኔ» ማለት ነውር ነው፤ «እሱ» ማለት ደግሞ ከቀሩት ሁለት መቶ ሰዎች ጋር መጣላት ነው። በሦስተኛው ስብሰባ እትዬ የውብዳር ተነሳችና ወደኔ ኑ፣ መናገር እችላለሁ፣ ሹም አልፈራም አለች። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

ባሏ ጋሽ ስንሻው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ስንት ሰው ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሲባል ተነስቶ ወጣ።

ስለ ጋሽ ስንሻው የሚነገር ብዙ የለም፤ እሱም ደስ የሚለው እንዲያ ነው። ሰው ሲበዛ ራሱን ያመዋል። ሠርግ ሲጠራ ከዳሱ ውጭ፣ በቅሎዎቹ ዘንድ ነው የሚገኘው። ከእትዬ የውብዳር ጋር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። እሷ የሁለት ሰው ትናገራለች፣ እሱ የሁለት ሰው ዝም ይላል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። እርሱም ይሰማል፤ አይቀየምም።

ሰኔ ስድስት ጀመርን። በየቀኑ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰው በተራ እየሄደ እትዬ የውብዳር ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ነበር፤ ኋላ ወሬው አለቀና እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ ዝም ብለን እንቀመጥ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ግን ሰው ከሰው ተለያየ። አብሮ አደጎች መንገድ ላይ ሲገናኙ አምባራቸውን ያያሉ። እኔና ጋሽ አንዳርጌ ሐምሌ ሁለት ቀን እሱ ደጅ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሞላንና በል እንግዲህ እስከ መስከረም ደህና ሁን ተባብለን ተለያየን። ቤታችን በአንድ አጥር ነው የሚዋሰነው። ጤፉን እያንዳንዱ ለብቻው አረመ፤ ለብቻው ስላረመም አረሙ ቀደመው። በሰንበሌጥ ታሪክ ያን ክረምት የሚያህል ብቸኝነት አላየሁም። ያደረግነውም ሁላችን እንደ አንድ ሰው ለመቆጠር ነው።

ጋሽ ስንሻው እንግዳ ሲመጣ ጋቢውን ይዞ ጨፌው ይወርዳል። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አያቆምም። ከብቶቹ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውልና የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ እንደራሰ ይመለሳል። አንድ ቀን እትዬ የውብዳር አላስችል ብሏት እኛው ፊት ተቆጣችው። እኔ ለጨፌው ብዬ ስለፋ አንተ ከሰው ሸሽተህ እዚያው ትደበቃለህ አለችው። ጋሽ ስንሻው ጋቢውን እየጨመቀ መለሰ።

«ከመሄዱ በፊት ልጠግበው ብዬ ነው።»

እኛ ሳቅን። እሷም ሳቀች።

በነሐሴ መጀመሪያ ሳል ጀመረው። የሳንባ ምች ነው ተባለ፤ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሐኪም ዘንድ ማሻገር አልተቻለም። ነሐሴ አሥራ ሁለት ንጋት ላይ ዐረፈ። አምባሩ ምንም አላለም። የነዋሪ የልብ ትርታ የግል ገመና ነው ተብሎ ትርታ መቁጠር ከታገደ ቆይቷል።

ጥሩምባዬን ነፋሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሰንበሌጥ ከጥንት ጀምሮ ስታደርገው የኖረችው ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ተራርቆ የከረመው ሕዝብ አምባሩን ሳያይ ግልብጥ ብሎ መጣ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ወንዙ ማዶ ያለው ወንድሙ እስኪሻገር ብለን አስከሬኑን ይዘን ያን ቀን ዋልን፣ በማግስቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየን። ያኔ ነው ከሰው ሁሉ ጋር ተቃቅፌ ያለቀስኩት፤ ግማሹን ለጋሽ ስንሻው፣ ግማሹን ለናፈቀኝ ጎረቤቴ። ከዚያ ከነአምባሩ ቀበርነው። በሠልስቱ መቃብሩ ላይ ቆምን፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀንም እንዲሁ።

አሁን ጥፋቱን ልናገር። በከተማው ሕግ ሰው ሲሞት ሚስቱ ወይም ባሉ በገዛ አምባራቸው ላይ «ሕልፈት» የሚለውን ቁልፍ በጣታቸው ለሰባት ሴኮንድ ይጫናሉ፤ ሌላ ሰው ቢጫነው አይሠራም። በሰንበሌጥ ደግሞ ሐዘንተኛ እጁን አያነሳም። ውሃ ይቀዳለታል፣ እህል ይጎረስለታል፤ የቤተሰቡን ሞት ራሱ ማስታወቅማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ እሱ የጥሩምባ ነፊው ሥራ ነው። እኔም ጥሩምባዬን ነፍቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ማስታወቂያ አለ? እድሩ እሷ ተጭናለች ብሎ አሰበ። እሷ እድሩ ሁሉን ጨርሷል አለች። ማንም ሳይጫነው ቀረ።

መስከረም ሦስት ቀትር ላይ አምባሮቹ ሁሉ ተናገሩ። የቀጠና 41 ተወካይ ክቡር ስንሻው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ድምፅ። ሁለተኛ ወይዘሮ የውብዳር፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። እንኳን ደስ ያላችሁ።

አስከሬኑ ዘንድ ያለቀስንበት ሰዓት ሁሉ ለሱ ተቆጥሮለት ኖሯል። ጋሽ አንዳርጌ ሳቁ አመለጠውና አፉን በጋቢው ያዘ። እትዬ የውብዳር ግን አልሳቀችም። ሐዘን ላይ ያለች ሴት ብትሆንም ተናደደች፤ መናደዷንም አልደበቀችም። በሕይወቱ አንድ ስብሰባ እስከ መጨረሻው ሳይቀመጥልኝ ሞቶ ቀደመኝ አለች። ደግሞ ወዲያው አለቀሰች።

እድሩ በአስቸኳይ እሷው ቤት ተሰበሰበ። ደንቡን ያነበበችልን እሷው ናት፤ ተወካይ ከቆጠራ በኋላ መሞቱ ከታወቀ ሁለተኛ የወጣው አይተካውም፤ ቀጠናው ወደ ቀድሞ ድርቡ ይመለሳል። ያ ማለት ኪሩቤል ነው። አራት ሴኮንድ ነው። እንደብቀው ያለ ሰው እንዳልነበር መመስከር እችላለሁ። ቃለ ጉባኤው የሚለው «ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብን ከአርባው በፊት ለቢሮ ጉዳይ ማስቸገር ነውር ስለሆነ በይደር ይቆይ» ነው። ከአርባው በኋላ ሙት ዓመቱ ይውጣ ተባለ።

በጥቅምት ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ባሕር ዳርቻው ክቡር ስንሻውን ጠየቀ። መልስ የለም። ሦስት ጊዜ አስታወሰው፤ መልስ የለም። በደንቡ መሠረት «ተወካዩ በጥልቀት እያሰቡበት ነው» ተብሎ ጉዳዩ ለሦስት ወር ጥናት ተመለሰ። በጥር እንዲሁ ሆነ። በሚያዝያም እንዲሁ። ላሞቹ በቀይ እየቆሙ፣ በአረንጓዴ እየተሻገሩ ጨፌው ይውላሉ።

ተወካይ እንደ ጋሽ ስንሻው አላየሁም። ማንም አቤቱታ ያለው ሰው መቃብሩ ዘንድ ሄዶ ይነግረዋል፤ ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ እመለከተዋለሁ ብሎ አይዋሽም። ባለ አውራ ዶሮው ጎረቤቴ ስለ ዶሮው ነገረው። እኔ ስለ ኩበቱ ነገርኩት፤ በኅዳር የኩበቱ እገዳ በራሱ ተነሳ፤ ሰው ሁሉ የስንሻው ሥራ ነው አለ። ወንፈሉም ተመለሰ። አጨዳውን አብረን አጨድን፤ አረም በልቶት የተረፈውን ማለቴ ነው።

ደህና ያልሆነችው እትዬ የውብዳር ብቻ ነበረች። እኛ ተወካይ አገኘን፤ እሷ ግን ባሏን መቅበር አቃታት። ማታ ማታ አምባሯ «ባለቤትዎ ዛሬም አልተንቀሳቀሱም፤ አብራችሁ የእግር ጉዞ ብታደርጉስ?» ይላታል። በልደቱ ቀን ምን እንደምትሰጠው መክሯታል። ጥቁር ልብሷን አይቶ ደግሞ ደመቅ ያለ ቀለም ብትለብስ ባለቤቷ ደስ እንደሚላቸው ነግሯታል። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ አንድ ቀን ወንፈል ላይ፤ አነጋገሯ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ይመስል ነበር። ምን ልበላት? ጨፌው አለ አልኳት። አዎ ጨፌው አለ አለች።

በግንቦት ከማዘጋጃ ቤቱ ወይዘሪት ኤፍራታ የምትባል የውክልና ጉዳዮች ባለሙያ መጣች። ሜዳሊያ ይዛ ነው የመጣችው። ክቡር ስንሻው የዓመቱ አርአያ ተወካይ ሆነው ነበር። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን ከቀጠናቸው አልወጡም፤ አንድም የችኮላ ውሳኔ አልወሰኑም፤ አንድም ቅሬታ አልቀረበባቸውም። የሚጸልዩ ሰው ይመስላሉ፣ ምልክቱ ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው የሚመጣው አለችኝ። አረፍ በይ፣ ውሃ ጠጪ፣ ዛሬ ፀሐዩ ከባድ ነው እያልኩ ላዘገያት ሞከርኩ። እጇ ላይ ያለውን መሣሪያ እያየች በቀጥታ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

እትዬ የውብዳር መቃብሩ ላይ የበቀለውን ሣር እየነቀለች ነበር። ወይዘሪት ኤፍራታ መሣሪያዋን አየች፣ ድንጋዩን አየች፣ ስሙን አነበበች። እሪ ትላለች ብዬ ነበር። ጥላዋን አጥፋ ከመቃብሩ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠችና ዘለበቱ የላላ ጫማዋን አጠበቀች።

«ይሄ ሦስተኛዬ ነው» አለች። «ቀጠና 9 እና ቀጠና 26ም እንዲሁ ናቸው። እነሱ ግን በአደባባይ ሐውልት ተሠርቶላቸዋል።»

ከዚያ ማድረግ ያለባትን በትሕትና አስረዳች። እዚህ መጥታ አይታለች፤ ያየችውን መጻፍ አለባት። ወይ ባለቤቲቱ አሁን ቁልፉን ይጫናሉ፣ ወይ እሷ ትጽፋለች። ቁልፉን እሳቸው ቢጫኑ ይሻላል፤ ያኔ ዘግይቶ የደረሰ ሐዘን ተብሎ ይታለፋል። ቀጠናው ግን ወደ 40 ይመለሳል።

እትዬ የውብዳር እጇን ከአፈሩ አራገፈች። ጣቷን አምባሩ ላይ አድርጋ ቆየች። እኔ ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ አንዱ ጨፌውን ያያል፣ ሌላው እሷን። ተጭና ቢያልፍላት ደስ ባለኝ፤ ባትጫን ደስ ባለኝ።

«አንዴ በሽታው ገድሎታል» አለች። «እኔ በጣቴ ልድገመው?»

እትዬ የውብዳር ሕግ የምታነብ ሴት ናትና፣ የተሸነፈ ሰው የቆጠራውን መዝገብ የማየት መብት አለው አይደል ስትል ጠየቀች። አለዎት አለች ባለሙያዋ። እንግዲያው በአንድ ሰው ነው የበለጠኝ፤ ያን አንዱን ሰው አሳዪኝ አለቻት። ያኔ የተቆጣችው ቁጣ አሁንም ከድምፅዋ አልወጣም ነበር። ከሁለት ወር በላይ ግቢዋን ከፍታ ሰው ስታስተናግድ፣ ወደሷ ሳይመጣ ወደሱ የሄደው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

ወይዘሪት ኤፍራታ መሣሪያዋን ነካካች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ሰዎች ለሁለታችሁም አንድ ናቸው አለች፤ ወደ እርስዎም መጥተዋል፣ ወደሳቸውም መጥተዋል። ከዚያ አነበበች።

«ያቺ አንዷ እርስዎ ነዎት።»

የባልና የሚስት አይቆጠርም አለች እትዬ የውብዳር። በግቢ ውስጥ አይቆጠርም፣ ይህ ከግቢ ውጭ ነው ብላ ባለሙያዋ ዝርዝሩን አነበበችላት። ከነሐሴ አሥራ አራት እስከ ጳጉሜ አምስት፣ በየቀኑ ንጋት ላይ፣ እዚሁ ቦታ፤ በአማካይ ሃያ ስምንት ደቂቃ። ድምሩ አሥር ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። በሰንበሌጥ ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ከቤት አትወጣም። ሰው ሳያያት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በዚያ ጭቃ እየመጣች ኖሯል። ጥሩምባ ነፊው እኔ እንኳ አላወቅሁም።

«የእሱስ?» አለች ቀስ ብላ። «እሱ ወደኔ የመጣበት የለም?»

ባለሙያዋ ፈለገች። ከሰኔ ስድስት እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት፣ ከግቢ ውጭ አብራችሁ የቆያችሁበት ሰዓት፣ ዜሮ ይላል አለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ ጨመረችበት፤ የሚፈልጉት ነገር መዝገቡ ላይ ያለ አይመስለኝም።

እትዬ የውብዳር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ጨፌው ልውረድለት ብዬ አላውቅም አለች። ሰው ስቀበል ነበር፤ እሱ እዚያ ብርድ ሲመታው እኔ ወንበር ሳቀርብ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ነው የምመጣው፤ ሌላ ምንም አልልም፤ እዚህ ቁጭ ብዬ እሱ ዝም እንደሚል ዝም እላለሁ። ይህን ስትል አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ወይዘሪት ኤፍራታ ቁልፉን ይጫናሉ ወይስ አይጫኑም ብላ እንደገና ጠየቀቻት። እትዬ የውብዳር ጣቷን ከአምባሩ ላይ አነሳች።

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አለች። «ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ አላወርደውም።»

ባለሙያዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ከዚያ መሣሪያዋ ላይ ጻፈች፤ ስትጽፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር፣ እኛም እንድንሰማ ይመስለኛል። ተወካዩ በመኖሪያ ቀጠናቸው በአካል ተገኝተዋል። ባለቤታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ሽልማቱ ተሰጥቷል። ሜዳሊያውን ድንጋዩ ላይ አኖረችና ጥላዋን ይዛ ወረደች። መንገዱ ላይ ከብት እየተሻገረ ስለነበር መብራቱ ሥር ቆማ ስትጠብቅ አየኋት።

የባሕር ዳርቻው ጉዳይ በሐምሌ ለአራተኛ ጊዜ ለጥናት ተመለሰ። የነሐሴውን ሙት ዓመት አወጣን፤ እድሩም ነገሩን እስከ ሰባተኛ ዓመት ተዝካሩ በይደር አቆይቶታል። ሕዝቡ የቀጣዩ ቆጠራ ሲደርስ ማን ይሁን እያለ ከወዲሁ ያንሾካሹካል፤ እትዬ የውብዳር ትሁን የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ማንም ይሁን፣ እኔ የምሄድበትን አውቃለሁ ትላለች።

አሁን ንጋት ላይ ተደብቃ አትሄድም። ማታ ማታ አምባሯ «ባለቤትዎ ዛሬም አልተንቀሳቀሱም፤ አብራችሁ የእግር ጉዞ ብታደርጉስ?» ሲላት እሺ ትለዋለች። ከዚያ ነጠላዋን ታነሳና ትወጣለች።